ዘር ላጣራ ሄጄ አማች ልሆን

ጋሽ ደምሴ ቤት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ከጓሮ ዶሮ ሲያሯሩጡ ሰማሁ። ለነርስ ደግሞ ዶሮ ይታረዳል እንዴ? አልኩ በሆዴ... የቆላ ሰው ደግ ነው ብዬ አለፍኩት።

ነገሩ የሆነው የሚሌኒየሙ ሰሞን ነው። ሸዋ ሮቢት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ እሠራ ነበር፤ ወጣት፣ ያላገባሁ። የጋሽ ደምሴ ልጅ ግርማ ከሰው መነጋገር ትቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከተኛ ወራት አልፈውታል። ሐኪሙ የድብርት ክኒን ሊያዝለት ፈልጎ አንድ ነገር አስፈራው።

«በዘሩ እንቅልፍ እያጣ የሚያብድ ሰው ካለ ይሄ ክኒን ብቻውን ልጁን ጭራሽ ሊያሳብደው ይችላል። ቤታቸው ሄደህ አጣራ» አለኝ።

ሄድኩ። ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ ጀመርኩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያልፈው እንደ መስኖ ውሃ ነው። ሲበዛ ያጥለቀልቃል፣ ሲያንስ ያደርቃል። ይሄ አመል ደግሞ በዘር ሊወርድ ይችላል። እና... በዘራችሁ አእምሮውን የታመመ ሰው ነበር?»

ጋሽ ደምሴ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን አዩ። እትዬ አስካለ ትልቋን ልጃቸውን አዩ። ልጅቷ መሬት መሬቱን አየች።

«በኛ ዘር? ምን በወጣን! የኛ ቦይ ንጹሕ ነው» አሉና ጋሽ ደምሴ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ። እኔ የፈለግኩት እስከ አያት ነበር። አንዱ ቄስ፣ አንዱ ጭቃ ሹም፣ ሁሉም ዕድሜ ጠግበው የሞቱ... ራሱን እንኳ ያመመው የለም!

«በል አሁን ደግሞ የናንተን አጫውተኝ። በዘራችሁ እብድ አለ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ኮራሁ። ሕመም አትደብቁ ብዬ የማስተምረው እኔ አይደለሁ?

«አለች እንጂ! አክስቴ አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥታ፣ ንግሥት ነኝ ብላ ገበያተኛውን በሙሉ ሾማው ነበር። አሁን መድኃኒቷን እየወሰደች ሱቋን ትነግዳለች።»

ጋሽ ደምሴ ወደ ጓሮው ዞረው ጮኹ። «ዶሮዋን ልቀቋት!»

ያኔ ገባኝ... ባገሩ ደንብ ቤት ድረስ መጥቶ ዘር የሚቆጥር ያላገባ ወንድ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቆላው ሙቀት ይልቅ ሐፍረቱ አላበኝ።

«ኧረ ጋሼ! እኔ የመጣሁት ለግርማ መድኃኒት ነው!»

ጋሽ ደምሴ ተጠጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያው ጋብቻው ከቀረ ምን እደብቅሃለሁ? ታናሽ ወንድሜ ልክ እንዳክስትህ ነው። ሲነሳበት እንቅልፍ የለውም። አንዴ ሁለቱን በሬዎቼን ለደሴ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች መርቆ ሊሰጥ ሲል ነው የደረስንበት...» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሴቶቹ ልጆቼ ባል እንዳያጡ ብዬ ነው። ግርማስ ቁርጥ እሱን ነው።»

አንጀቴን በሉኝ። በማግስቱ ሁሉንም ለሐኪሙ ነገርኩት፤ ሌላ መድኃኒት አዘዘለት። ማሾ በሚዘራበት ወቅት ግርማ ከአባቱ ጋር ማሳ ወርዶ አየሁት።

እኔ የዚያን ቀን የተሸኘሁት በሽሮ ነው። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ አታውቅም... ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ልጅና አንድ ዶሮ አትርፋለች።