ሚኒ ሚዲያው ያልጠራው ስም

እኔ በምኖርበት ሰፈር ሎተሪ የሚሸጥ መኪና በየጠዋቱ ያልፋል። ሞንታርቦው ከመናገሩ በፊት ሲያፏጭ ጆሮዬን እይዛለሁ። ሰው ጩኸት የምጠላ ይመስለዋል። እኔን የሚያስጠላኝ ከፉጨቱ በኋላ ትዝ የሚለኝ የራሴ ድምፅ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት መንዝ ውስጥ፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ገበያ በላይ ጉብታ ላይ ነበር። ንፋሱ ወደ ታች ሲነፍስ የሚኒ ሚዲያችን ድምፅ ገብስ ሻጮቹ ዘንድ ይደርሳል። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። የማነበውን የምትጽፍልኝ ደግሞ አብራኝ ቤት የተከራየችው ጓደኛዬ ናት። አሥረኛ ክፍል ነበርን። ለሁለት አንድ ባና ደርበን እናጠና ነበር። ውርጭ ያረጠበው የዚያ ባና የበግ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ጥር ላይ ስንቅ ልታመጣ ቅዳሜ አገር ቤት ሄደች፤ ሰኞ አልተመለሰችም። ማክሰኞ አንዲት የአገሯ ሴት የደብተር ቅዳጅ አመጣችልኝ። «እሑድ ሊድሩኝ ነው። ለዳይሬክተሩ ንገሪልኝ። እሳቸው ከመጡ አባቴ ይፈራል» ይላል።

ወረቀቱን ይዤ ቢሮ ገባሁ። ዳይሬክተሩ አነበበው፣ አጠፈው፣ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አልለውም።

«ሐሙስ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። እነሱን ሸኝተን እናየዋለን» አለኝ።

«ቲቸር፣ ሰርጉ እኮ እሑድ ነው።»

«እናየዋለን አልኩሽ። አንቺ ንባብሽን ተለማመጂ።»

በስም መጥሪያው ላይ ከስሟ ትይዩ «ፈቃድ» ተብሎ ተጻፈ። ማን ነው የፈቀደው? እሷ መቼ ፈቃድ ጠየቀች? ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሐሙስ እንግዶቹ ወንበራቸውን ያዙ። ንፋሱ ወደ ገበያው ይነፍስ ነበር። የማይክሮፎኑ ስፖንጅ የብዙ ሰው ትንፋሽ ይሸታል። ዳይሬክተሩ የሰጠኝን አነበብኩ፦ «ዘንድሮ ከትምህርት ቤታችን ያቋረጠች አንዲትም ሴት ተማሪ የለችም።» ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሲጨበጨብልኝ ደስ ብሎኝም ነበር። በዳይሬክተሩ መናደድ ቀላል ነው፤ እስክሞትም እናደድበታለሁ። ግን ማይክሮፎኑ እኔ እጅ ላይ ነበር። ስሟን ብጠራ ማን አፌን ይይዘኝ ነበር?

እሑድ ተዳረች። እናየዋለን ያለው ሰውዬ ሰኞ ሰልፍ ላይ ስለ ችግኝ ተከላ ሲያወራ አረፈደ።

ከዓመታት በኋላ መሐል ሜዳ መናኸሪያ ተገናኘን። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝም በወደድኩ። እሷ ግን ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝ።

«ያን ሐሙስ እኮ ገበያ ነበርኩ» አለችኝ። «እናቴ የሰርጌን ቀሚስ ዋጋ ስትከራከር ድምፅሽን ሰማሁ። አሁን ስሜን ትጠራለች ብዬ ቆምኩ። እናቴ ብትጎትተኝ፣ ብትጎትተኝ፣ አልሄድም አልኩ። እስክትጨርሺ ቆምኩ።»

ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገቤ ቆመች፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

«ንባብሽ ግን እንዴት ያምር ነበር» አለችና፣ እንደ ድሮው የባናዋን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ።