ጋሽ ቁልፌ ቤት ሲያሳድሱ

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ቁልፌ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ የቁልፍ ዘለላ ከወገባቸው ተለይቶ አያውቅም። ጡረታ ወጥተው እንኳ ሲራመዱ እጃቸው ወደዚያው ይሄዳል። አሁን ያደከማቸው ግን እርጅና ብቻ አይደለም፤ ከአባታቸው የወረሱትን የገጠር ቤት እያሳደሱ ነው። ቤት ማሳደስ ደግሞ፣ የሞከረ ያውቀዋል፣ አንዱን ሲደፍኑት ሌላው የሚያፈስ ጣጣ ነው።

በዚያ ላይ ሌባ አለ። ጣሪያው ተነሥቶ በሩ ተነቅሎ ቤቱ ባዶውን በከረመበት ሰሞን መጀመሪያ ሲሚንቶው፣ ቀጥሎ የውሃ ቧንቧው፣ በመጨረሻም አናጺው የገጠመው አዲስ መስኮት ከነመስታወቱ ሄደ።

«ቀዳዳውን ስለተዉልን እናመስግን» አለ አናጺው። ጋሽ ቁልፌ ለመሳቅም አቅም አልነበራቸውም።

ከሌባው ይልቅ ያስጨነቋቸው ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። የከተማው ቤታቸው ከተዘረፈ ወዲህ እትዬ እንቅልፍ የላቸውም፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ነው። ገጠር ለመግባት የተስማሙትም ቁርጡን ተናግረው ነው፦ «ተኝቼ የማድርበት ቤት ካደረግህልኝ እመጣለሁ። ካልሆነ እህቴ ዘንድ እገባለሁ፤ አንተ ከቤትህ ጋር ኑር።» እትዬ ደግሞ ካሉ አሉ ነው።

ስለዚህ ጋሽ ቁልፌ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ቢባሉም ባይባሉም፣ ወገባቸውን እያሻሹ የቤቱን ጥበቃ አቀዱ። ለመስኮቱ የብረት ፍርግርግ፣ ለግቢው የሽቦ አጥር፣ ለየበሩ ወፍራም ላሜራ ከነመቀርቀሪያው። የት የት እንደሚበየድ ራሳቸው በጠመኔ ምልክት አደረጉ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው? እርግጠኛ ነዎት?» ቢላቸው በያጁ፣ «እኔን ነው ስለ ቁልፍ የምትጠይቀኝ?» ብለው ኩም አደረጉት።

ሥራው ሲያልቅ እትዬን ይዘው መጡ። እትዬ ፍርግርጉን ነቅንቀው አዩ፤ ደስ ያላቸው መሰሉ። ገብተው በሩን ዘጉና እጃቸውን ወደ መቀርቀሪያው ሰደዱ። የለም። ከላይ ዳበሱ፣ ከታች ዳበሱ። ተመልሰው ወጡ። መቀርቀሪያው፣ የጓጉንቸር ቁልፍ ማስገቢያውም ጭምር፣ በውጭ በኩል ነው። የመኝታ ቤቱም እንዲሁ።

«እኛ ውስጥ ስንሆን ማን ነው የሚቆልፍልን?» አሉ።

ጋሽ ቁልፌ ክው አሉ። መጋዘን ቆልፈውት የሚሄዱት ነገር ነው፤ ውስጡ የሚያድር ሰው የለም። «እኔ እኮ… ከውስጥ ቆልፌ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «አታውቅማ! አንተ የሰው ዕቃ ቆልፈህ እስክትመጣ ልጆቹን ይዤ የምቀረቅረው እኔ፣ ስታንኳኳ የምከፍተው እኔ፣ ከኋላህ የምዘጋው እኔ። ያን ጊዜም እፈራ ነበር።»

ጋሽ ቁልፌ የሚስታቸው ፍርሃት ከዘረፋው ወዲህ የመጣ ይመስላቸው ነበር። ያ ሁሉ ዘመን ታያቸውና አፈሩ። ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ነገ በያጁን እጠራዋለሁ። የት ላስደርገው? አንቺ ንገሪኝ» አሉ።

«የፈለግህበት አስደርገው» አሉ እትዬ። «ብቻ ከእንግዲህ የምትቆልፈው አንተ ነህ። እኔ ደክሞኛል።»