በሠርጌ ቀን ተጠለፍኩ

ከነቀምቴ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ፣ በአውቶቡስ፣ ጎረቤት እንኳ ሳልሰናበት ነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ሂጂ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! ሁለተኛዋን ልጄን አልሰጣቸውም!» አለችኝ። በዚያው ዓመት ታላቅ እህቴን ዲንቄን ከጉቴ ገበያ ስትመለስ ጠልፈዋት ነበር። አምስት ቀን እየጮኸች ጠበቀችን። በስድስተኛው ቀን ሽማግሌ መጣ፣ አባባ አብሯቸው በላ፣ ጠጣ፣ ታረቀ፣ አለቀ። እኔ ሚሲዮን ክሊኒክ ስሠራ ጀርመንኛ ለቃቅሜ ስለነበር የነርስ ትምህርት ተገኘልኝና ኦስትሪያ፣ ቲሮል የሚባል ተራራማ አገር ገባሁ።

ብርዱን ተዉት! የነቀምቴ የሐምሌ ጭጋግ እዚያ ቢሄድ ሙቀት ነው የሚባለው። የሚበሉት ደግሞ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ። በልቻለሁ፤ ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ።

እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል የተኛ ዮሴፍ የሚባል አናጢ ሳስታምም ተዋደድን። ልንጋባ ስንል የመንደሩ ሹም፣ «ባል እንደሌለሽ የሚያስረዳ ወረቀት ከአገርሽ አምጪ» አለኝ።

«የአውራጃው ጽሕፈት ቤት እኔን ከየት ያውቀኛል? እናቴ ትመስክር።»

«እናትሽ ማኅተም አላት?»

አላት ልለው ነበር፤ ጥፊዋ ቢያርፍበት ለዓመት ፊቱ ላይ ይነበባል። የአንበሳ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከስንት ወር በኋላ መጣና የሠርጉ ቀን ተቆረጠ።

የሠርጉ ዕለት ንጋት ላይ መስኮቴ ሥር ተኩስ! ዘልዬ አልጋ ሥር ገባሁ። አከራዬ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ «ሙሽራ መቀስቀሻ እኮ ነው» አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ደግሞ ግንድ አጋድመው፣ ዶልዱም መጋዝ አስይዘውን፣ «ተባብራችሁ ቁረጡ፣ ትዳራችሁን እንይ» አሉን። ይሁን፣ ወለጋ ያደገ ሰው እንጨት አይፈራም፤ ላቤ ጠብ እስኪል ቆረጥኩላቸው።

ምሳ ላይ ግን ሁለት የዮሴፍ ጓደኞች ብብትና ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ጮህኩ። በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በጀርመንኛም ጮህኩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ! አሮጊቶቹ ሳይቀሩ! መኪና ውስጥ ሲወረውሩኝ የአንዱን እጅ እስኪደማ ነከስኩት። ዲንቄ፣ ዲንቄ እያልኩ ነበር። ይህን ሁሉ አገር ሮጬ መጥቼ እንደ እሷ ሆንኩ አልኩ።

ሌላ መንደር መጠጥ ቤት አስቀመጡኝና ወይን ቀዱልኝ። ጠርሙሱን አንገቱን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ ጠርሙሱንም እኔንም አየችና ወንዶቹን ወደ ውጭ አስወጥታ አጠገቤ ቆመች።

ዮሴፍ ከአንድ ሰዓት በኋላ እየሳቀ ገባ። «አገኘሁሽ!»

«ታውቅ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ? ሙሽሪት ትሰረቃለች፣ ሙሽራው ፈልጎ ያገኛታል። እናቴንም በሠርጓ ቀን ሰርቀዋታል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከተነገረ ምኑን ጨዋታ ሆነ?»

የዲንቄን ነገር እዚያው ቆመን ነገርኩት። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

በሳምንቱ ፖስታ ቤት ሄጄ ስልክ አስጠራሁ። ነቀምቴ ቴሌ ድረስ የመጣችልኝ ዲንቄ ነበረች። ላስቃት ብዬ ሁሉንም እንደ ቀልድ አወራኋት፤ ተኩሱን፣ መጋዙን፣ ጠለፋውን። ሳቋን ጠበቅኩ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ታዲያ ባልሽ ፍለጋ መጣ?»

«መጣ።»

«በስንት ጊዜ?»

«በአንድ ሰዓት።»

«እሰይ፣ እህቴ» አለች። ስታለቅስ ይሰማኛል። «እሰይ። ያኔ እናንተ የት ነበራችሁ?»

ኦፕሬተሯ መሐል ገብታ፣ ጊዜ ይጨመር ወይ አለችኝ። ለዲንቄ እውነቱን ብነግራትማ ቤት ነበርን፤ አባባ ሽማግሌ እስኪመጣ ጠብቁ ብሎን፣ ተቀምጠን ነበር።