ነጂባ ለገሃርን ልታይ የወረደች ዕለት

ነጂባ በአራዳ ገበያ ፈትል ትነግድ ነበር። ፈትል ስትገዛ ክሩን በሁለት እጇ ይዛ ሳትጎትት አትስማማም። ፈታይዋ "እመኚኝ እንጂ!" ስትላት፣ "አንቺንማ አምንሻለሁ፤ ክርሽን ግን ልጎትተው" ትላለች። ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው፤ አዲሱን የባቡር ጣቢያም የመረመረችው እንደዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አብዱልሃኪም የሚባል የድሬዳዋ ጨርቅ ነጋዴ ልጇን ዐፊፋን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ሰውየው ምስጉን ነው፣ ዐፊፋም ወዳዋለች። ነጂባ ግን "ዓርብ ተመለሱ፤ ያን ጊዜ ቃሌን እሰጣለሁ" አለቻቸው። ያሳሰባት ሽኝቱ ነበር። እሷ ራሷ ከወሎ ስትዳር እናቷ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው እስከ ቦርከና ወንዝ በእግራቸው ሸኝተዋታል፤ የመረቋትም ወንዙ ዳር ቆመው ነው። በእነሱ ዘንድ ከደጃፍ "በይ ደህና ሁኚ" የተባለች ሙሽራ እንደተባረረች ትቆጠራለች። ዐፊፋን ወደ ድሬዳዋ የሚወስዳት ባቡር ደግሞ ሰውን አስገብቶ፣ በር ዘግቶ ይዞ እንደሚሄድ ሰምታለች። ታዲያ እናት የት ድረስ ትሸኛለች?

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቷን ጥሩነሽን አስከትላ ከአራዳ ቁልቁል ወረደች።

ያን ጊዜ ወደ ለገሃር የሚጎርፈው ሰው ሁሉ ተሳፋሪ አልነበረም፤ ብዙው ሕንፃውን ሊያይ የሚሄድ ነበር፤ ደግሞም ያስሄዳል! ባለፎቅ የድንጋይ ቤት ነው፤ ግንባሩ ላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። ከፊት ያየው ቤተ መንግሥት ይመስለዋል። ዋናው ነገር ያለው ግን ከጀርባ ነው፦ ከሐዲዱ ጎን እንደ ረጅም መደብ የተዘረጋ የድንጋይ ወለል አለ። ተሳፋሪ ባቡሩ ላይ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ጥሩነሽ ቀና ብላ ሰዓቱን አየችና "ነጂባ፣ ዐፊፋን ተያትና እኔን ዳሪልኝ" አለች።

"አንቺን የጫነ ባቡር አዋሽን አይሻገርም!"

ከኋላ በሩ ላይ ወልደሥላሴ የሚባል ዘበኛ ቆሟል። ነጂባ ቀረበችው።

"ወንድሜ፣ የሚሸኝ ሰው የት ድረስ ነው?"

"እዚሁ ወለሉ ላይ ይቆማል።"

"መቆሙን መች ጠየቅኩህ? ባቡሩ ሲነሳ አብሬው መሄድ እችላለሁ ወይ?"

"እሜቴ፣ ከባቡር ጋር ሊሽቀዳደሙ ነው?"

"እሱን አሁን እናያለን" አለችና አልፋው ገባች።

ባቡሩ ሊነሳ ተቃርቧል። በአንዱ መስኮት አንዲት ወጣት ብቻዋን ተቀምጣለች።

"ልጄ፣ ሸኚ አለሽ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው እኔ ልሸኝሽ፤ እጅሽን አምጪ።"

ባቡር ሲነሳ አይታችሁ እንደሆነ፣ እንደ በቅሎ ዘሎ አይነሳም። ያ ሁሉ ብረት መጀመሪያ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ ፍጥነት የሚያገኘው ቆይቶ ነው። ነጂባ የልጅቷን እጅ እንደያዘች ከባቡሩ እኩል ተራመደች። "አላህ መንገድሽን ያቅናው፤ የገባሽበት ቤት ይሙላ፤ ወልደሽ ሳሚ" እያለች መረቀቻት። ልጅቷ "አሜን፣ አሜን" ትላለች። ጥቂት ቆይቶ እርምጃዋን ማፍጠን ግድ ሆነባት። ዘበኛው "እሜቴ፣ ወለሉ ሊያልቅ ነው!" ብሎ ጮኸ። ምርቃቱን ጨርሳ እጇን ስትለቅ ወለሉም እግሯ ሥር አለቀ።

ጥሩነሽ እያለከለከች ደረሰች። "አብደሻል? የማታውቂያትን ልጅ!"

ነጂባ የወለሉ ጫፍ ላይ ቆማ ባቡሩን እያየች ነበር። "ቦርከና ይኸውልሽ" አለች፤ "እዚህ ድረስ ይበቃኛል።"

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ነጂባ "ልጄን ሰጥቻለሁ፤ አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ" ስትል ጥሎሽ ልታስጨምር ነው ብለው ተያዩ።

"ዐፊፋን ስትወስዷት" አለች፣ "በወለሉ በኩል ባለው መስኮት ትቀመጥልኝ።"