ከቆማችሁ አይቀር

እናቴ መኪናዋን «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። አባቴ ከጌዶ አስጎትቶ አምቦ ግቢያችን ውስጥ ሲያስገባት ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮ ታቅፋ ነበር፤ ካሶኒዋ ላይ ደግሞ ሣር በቅሎበታል። ገልባጭ ትባል እንጂ በዚያ ዓመት የገለበጠችው ነገር የቤታችንን ሰላም ብቻ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። በጉብዝናው ጊዜ ልክ እንደሷ ያለች ገልባጭ እየነዳ ከጉደር እስከ ጌዶ አሸዋና ጠጠር ሲያመላልስ ኖሯል። ጡረታ የወጣ ሰሞን በረንዳ ላይ ተቀምጦ በአስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ሲጠሩት አይሰማም፣ የቀረበለትን አይጨርስም። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። መኪናዋ ከመጣች በኋላ ግን ከሥሯ ተኝቶ ብሎን እየፈታ መዝሙር ሲያንጎራጉር ሰማነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ የእሷ ወገን ሆንኩ። እናቴ ግን ልብስ የምታሰጣበት ቦታ ተወስዶባት፣ በትልቁ ድስቷ የተቃጠለ ዘይት ተጠራቅሞባት፣ የማንም ወገን ለመሆን አልተመቻትም።

ከዓመት በላይ ተደከመባት። ላሜራዋ ተበየደ፣ ራዲያተሯ ታጠበ፣ ካሶኒውን የሚያነሳው ፖምፓ ተፈትቶ ተገጠመ። የቀረው ሞተሪኖው ነው። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው፤ ተቃጥሎ፣ ጥምጥሙ እንዲታደስ ጊንጪ ወዳለ ባለሙያ ተልኳል። ባለሙያው በተደወለለት ቁጥር «ነገ ያልቃል» ይላል። ስለዚህ ያለው መላ ገፍቶ ማስነሳት ብቻ ሆነ።

ገልባጭ መግፋት ደግሞ የቤት መኪና እንደመግፋት አይደለም። ሰፈርተኛው የመጀመሪያ ቀን በደስታ ገፋ፤ አልተነሳችም። በሁለተኛው ቀን በይሉኝታ ገፋ፤ አሁንም አልተነሳችም። ከዚያ በኋላ አባቴ በር ላይ ብቅ ሲል መንገዱ ጭር ይል ጀመር፤ የሰፈራችን ወንድ ሁሉ ወገቡን ያመው ነበር። አባቴ ግን የናፍጣው ቱቦ አየር የሚስብበትን ቀዳዳ አግኝቶ ደፈነው። «አሁን አንዴ ብትገፋ ትነሳለች» ብሎ ይምላል። ጴንጤ ስለሆነ አይምልም እንጂ፣ ከመማል አይተናነስም።

በዚህ መሃል እኔን የሚጠይቅ ሽማግሌ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ቀጠሮ ተያዘ። የሚያገባኝ ልጅ ጉደር ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ነው። እናቴ ቀኑን ስትሰማ ወደ መኪናዋ ዞራ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«የሰርግ ድንኳን የት ልጥል ነው? እሷ ላይ? እሁድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተሯ ተነስቶ በዚህ በር ከወጣች፣ ትኑር። ካልወጣች ሰኞ ጠዋት ለቁራሌው ትሰጣለች።»

«ቶሌ» አለ አባቴ። እሺ ማለቱ ነው፤ አባቴ እሺ ካለ ደግሞ አለቀ። በማግስቱ ቁራሌው መጥቶ ዞሮ አያት፣ ጎማዋን ረገጥ ረገጥ አድርጎ ሄደ። አባቴ ወደ በረንዳው ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ስልኬን አነሳሁ።

«ሽማግሌዎቹ ጠንካሮች ናቸው?» አልኩት እጮኛዬን።

«በምን?»

«በጉልበት። ለማንኛውም ወንድሞችህንና ጓደኞችህን በሚኒባስ ይዘህ ና። መንገዱ ጥግ ላይ ቆማችሁ ጠብቁ።»

«ሽማግሌ ልኬ ራሴ መምጣቴ ነውር አይደለም እንዴ?»

«ማንም አያይህም» አልኩት። ነጭ ሸሚዝ እንዳይለብስ መንገር ግን ረሳሁ።

እሁድ ጠዋት አባቴ አጠገብ ሄጄ «ሽማግሌ ሲመጣ ቶሎ አይቀመጥም፣ አይደል?» ብቻ አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ተነስቶ የሥራ ጫማውን አደረገ።

ሽማግሌዎቹ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። አባቴ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አላቸው። መሪያቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ ረጅም ሰውዬ፣ እንደ ወጉ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ቆመውም ጉዳያቸውን አሳምረው ተናገሩ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ፤ ፀሐይዋን አየ፤ መኪናዋን አየ።

«የመጣችሁበት ነገር ከባድ ነው» አለ።

«ከባድ ነው እንጂ፣ ልጅ መጠየቅ!»

«እኔም የከበደኝ ነገር አለ። ከቆማችሁ አይቀር፣ እስቲ ይህቺን ግፉልኝ።»

እናቴ በሩ መቃን ላይ ደርቃ ቀረች። ሽማግሌው ጨነቃቸው። ቢቀመጡ ያሉትን ማጠፍ ነው፤ ቢሄዱ ያለ መልስ መመለስ ነው። በመጨረሻ ኮታቸውን አውልቀው ለእናቴ ሰጧት። የእንግዳ ኮት አልይዝም አይባልም፣ ያዘች።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ገፉ። መኪናዋ ስንዝር ሄዳ ቆመች።

«ሎሚው በዛ፣ ሰው አነሰ» አለ አባቴ ከጋቢናው።

«ጥግ ላይ ልጆች አሉን» አሉ ሽማግሌው፤ ወዲያው ምላሳቸውን ነከሱ።

«የምን ልጆች?» አለች እናቴ።

ሚኒባሱ ግቢያችን ውስጥ ተራገፈ። እጮኛዬ እንዳይታይ ብሎ ከኋላ፣ በጭስ ማውጫው በኩል ተሸጎጠ። «ዺባ! ግፉ!» ተባለ። መኪናዋ ወደ በሩ ቁልቁል ተንከባለለች፤ አባቴ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ አንድ ዓመት የያዘችውን ጥቁር ጭስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፋችና ተነሳች። በበሩ ወጥታ ሄደች።

ሄደች ስል፣ ሄደች ነው። ሞተሯ ከጠፋ ማን ይገፋል ብሎ አባቴ አልቆመም፤ በጉደር መንገድ ተሰወረ። ሽማግሌዎቹ ወዛቸውን እየጠረጉ፣ መልስ ሰጪ አጥተው፣ እንደቆሙ ቀሩ። ሁሉም እናቴን አየ። እሷ ዘይት የጠጣውን ባዶ ቦታ እያየች ነበር። ቀጥሎ ከዓይኑ በቀር ነጭ ያልቀረለትን ልጅ አየች።

«አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሽማግሌ ልኮ ተከትሎ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

እሱ ፊቱን በእጅጌው ሲጠርግ፣ ከሩቅ ጥሩምባ ተሰማ። አባቴ ድሮ ከሥራ ሲመለስ፣ እራት አቅርቢ ለማለት ከተማው መግቢያ፣ ጉደር በር ላይ የሚነፋው ያው ረጅም ጥሩምባ። እናቴ የያዘችውን ኮት ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ተቀመጡ» አለቻቸው። መልሱ እሱ ነበር። እኔ ማጀት ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኞ ቁራሌው መጣ። እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«የምን መኪና? ሰርግ አለብን እኮ። እንጨቱንና ውሃውን በጀርባህ ልታመላልስልን ነው?» አለችው። ባዶ እጁን እንዳይሄድ የተቃጠለ ዘይት የጠጣውን ድስቷን ሰጠችው።

ሞተሪኖው ዛሬም ጊንጪ ነው፤ ነገ ያልቃል። ባሌ ሥራ ከመግባቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ስልኩ ይጮኻል፤ የሚደውለው አባቴ ነው። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ፣ «ልጃችሁን ስጡን ብለው መጡ፤ ልጃቸውን ሰጥተውን ሄዱ» ትላለች።