መሪጌታ የሰጠው ግጥም

ቀሐ ወንዝ ዳር ባለችው ደብር መሪጌታ ወልደኢየሱስን የማያውቅ አልነበረም። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ጎንደር እንደሱ ያለ ድምፅ አልሰማችም ይባል ነበር። ማኅሌት ቆሞ ሲያዜም አሮጊቶች ያለቅሳሉ። አባቱ ማን እንደሆኑ ሲጠየቅ ግን «ቄስ ነበሩ፤ በልጅነቴ ሞቱብኝ» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል።

ቄስም አልነበሩ፣ አልሞቱምም። አባቱ አላምረው ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የአዝማሪ መንደር የሚኖር፣ ማሲንቆ አንግቶ ከሰርግ ሰርግ የሚዞር ሰው ነበር። ያ አሮጊት የሚያስለቅስ ድምፅ የእሱ ነው። ሐዲስ ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ልጁ ግን ሰው በአዝማሪ ዘፈን ይጨፍራል እንጂ ከአዝማሪ ጋር እንደማይጋባ ገና በጠዋቱ ገብቶት፣ ዜማ ልማር ብሎ ጎጃም ጠፋ። ስሙንም አባቱንም እዚያው ቀየረ።

በአንድ የጥር ሰርግ፣ አያ ሰጠኝ የሚባሉ የደብሩ ባላባት ልጃቸውን ሲድሩ፣ መሪጌታ ከካህናቱ ጋር ተጠርቶ ዳሱ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ገባ። አላምረው ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

እንግዶቹ «ተቀበል!» እያሉ ግጥም ይሰጡታል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ልማዱ ነው፤ አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም አልዘፍንም አይልም። አያ ሰጠኝ ወደ መሪጌታ ዞረው «ምነው ዝም አሉ? የቅኔ ሰው አይደሉም እንዴ! ይስጡት እንጂ» አሉ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የመሪጌታን ሆድ ግን ያ ሁሉ ጠላ አልቻለውም። ሽማግሌው በሰው ፊት «ልጄ» ቢለኝስ ብሎ ፈራ፤ ፈርቶም ጨከነ።

«ተቀበል!» አለ።

«ማሲንቆ ታቅፎ በየደጁ ኗሪ፣
ማን ይቀብረው ይሆን ዘር የለው አዝማሪ።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አላምረው ማሲንቆውን አቃንቶ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል ዘፈነው። መሪጌታ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ማኅሌት ላይ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር የሚሰማው የአባቱ ድምፅ ሆነ። ሰው ሲያመሰግነው ያፍራል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወዳል።

ከሁለት ዓመት በኋላ አላምረው መሞቱን ከገበያተኛ ሰማ። የዚያ መንደር ቄስ ለአርባው ተዝካር የጎንደር ካህናትን ሲለምኑ፣ መሪጌታ ቀድሞ እሄዳለሁ አለ። ዛሬስ ልጁ ነኝ ብዬ በሰው ፊት አለቅሳለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር። እህቱ እናኑ ገና ከደጅ ስታየው አወቀችውና ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«ሐዲስ» አለችው፤ «ከዚያ ሰርግ ወዲህ አባታችን በሄደበት ሁሉ ያንን ግጥም ነበር የሚዘፍነው። የማን ግጥም ነው ሲሉት፣ ልጄ ነው የሰጠኝ፣ ሸጋ ገጣሚ ነው ይላል። ስምህን ግን እስኪሞት ለማንም አልተነፈሰም።»

መሪጌታ ዕንባው ዱብ ዱብ አለ። ይኸኔ አብሮት የመጣ አንድ ቄስ በጓሮው በር ብቅ ብሎ «ምነው መሪጌታ፣ ሟቹን ያውቁት ኖሯል?» አለ።

እናኑ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው።

«እንጃ» አለ መሪጌታ ዓይኑን እየጠረገ። «አንድ ሰርግ ላይ ያየሁት ይመስለኛል።»

ካህናቱ ቤት ገብተው ለምሳ ሲቀመጡ እናኑ የእጅ ውኃ ይዛ መጣችና፣ ለማንኛውም እንግዳ እንደሚደረገው ጎንበስ ብላ «ይታጠቡ፣ መሪጌታ» አለችው።