ከበረዶው ሥር የሚጻፉ ስሞች

ኤልዜር ግራንሜዞን በረዶ ሠሪ ነበር። ላ ፉርሽ በተባለችው ከተማ ውስጥ እንዲህ ሲባል የሚስቅ ሰው የለም። ወንዙ ራሱ በኅዳር ድንጋይ ሆኖ እስከ ሚያዝያ በሚተኛበት አገር በረዶ የሚሠራ ሰው ምን ይፈይዳል ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ፣ “ወንዙ የሚሠራው ለዓሣ አጥማጆች ነው፤ የግንድ ነጂዎችን በረዶ የሚሠራው ኤልዜር ነው” ብለው ይመልሱለታል። ግንድ ነጂዎች በበረዶ ላይ የሚጫወተው የከተማይቱ የሆኪ ቡድን ስም ነው። ቡድኑ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ቡድኖች መካከል ከተቆጠረ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

በየዓመቱ መስከረም አጋማሽ ላይ ኤልዜር ማለዳ ተነሥቶ፣ የከተማይቱ ፋብሪካ ጭስ ገና ከወንዙ ጉም ሳይለይ፣ ቡድኑ የሚጫወትበትን አዳራሽ በር በቁልፉ ይከፍታል። ከሲሚንቶው ወለል ሥር ለተዘረጉት ቧንቧዎች ቅዝቃዜ የሚሰጠውን ሞተር ያስነሣና፣ ውኃውን እንደ ጭጋግ አሳስቶ ይረጫል። ይረጋል። እንደገና ይረጫል። ወረቀት የሚያህለው የመጀመሪያ ንጣፍ ሲጠና ነጩን ቀለም ያፈስበታል፤ ቀዩንና ሰማያዊውን መስመር ያሰምራል። ከዚያ በኋላ ሰው አይገባም። ብቻውን በጉልበቱ ተንበርክኮ በመሃሉ ክብ ዙሪያ በጥቁር ቀለም የሙታንን ስም ይጽፋል፤ ከላዩም የጣት ውፍረት እስኪሞላ ድረስ ውኃ ያለብሰዋል።

ልማዱ የተጀመረው በቡድኑ የመጀመሪያ አምበል ሞት ነው። ሰውየው በጸደይ የተቆረጠ ግንድ በውኃ ላይ ሲነዳ ወንዝ ወሰደው፤ ሬሳው አልተገኘም። መቃብር የሌለው ሰው ቢያንስ በሚያውቀው በረዶ ሥር ይተኛ ብሎ የያኔው በረዶ ሠሪ ፊሊያስ ስሙን ጻፈለት። ከዚያ ወዲህ በዓመቱ የሞተ ሁሉ፣ ተጫዋችም ይሁን ደጋፊ፣ ማሊያ ስታጥብ የኖረች ሴትም ብትሆን፣ ስሙ ይጻፋል። በረዶው በጠና በመጀመሪያው እሑድ ቤተሰቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ይመጣል። ወንዶች ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሴቶች በጓንታቸው የእንጨቱን አጥር ተደግፈው የየራሳቸውን ሰው ይፈልጋሉ።

ኤልዜር ብሩሹን ከፊሊያስ የተረከበው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀበት ዓመት ነው። አንድ ሕግም አብሮ ተረክቧል፤ ከወንዙ ማዶ ላሉት ባላንጣዎች፣ ለሰማያዊዎቹ የተጫወተ ሰው ስሙ አይጻፍም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አራት ቤተሰብ ለምኖት አራቱንም መልሷል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። “በረዶው የእኔ አይደለም፤ የከተማው ነው” ይልና በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

በፈረንጆች በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት መስከረም ግን አንድ ደብዳቤ በኪሱ ይዞ ነበር ውኃ መርጨት የጀመረው። ደብዳቤው የልጁ የሬያል ሚስት ሎሬት ከኦንታሪዮ የላከችው ነው። ሬያል በነሐሴ መኪናው ተገልብጣ ሞቷል። ሎሬት እንዲህ ብላ ነበር የጻፈችው፦ “ስለዚያ በረዶ ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም። አይፈቅዱልኝም ይል ነበር። እኔ ግን እለምንዎታለሁ። እሑድ እመጣለሁ።”

ሬያል ለግንድ ነጂዎች አምስት ዓመት በረኛ ሆኖ ቆሟል። በስድስተኛው ዓመት የቡድኑ ባለቤቶች በሁለት አጥቂ ለወጡትና ለሰማያዊዎቹ ሰጡት። የዚያን ዓመት ጥር በሰማያዊ ማሊያ ወደ ላ ፉርሽ ሲመጣ ሕዝቡ ከጫማው ላይ የሚደርበውን ላስቲክ እያወለቀ ወረወረበት። ጨዋታው ቆመ። ላስቲኩን መጥረግ የበረዶ ሠሪው ሥራ ነውና ኤልዜር ሰፊውን አካፋ ይዞ ገባ። በጎሉ ፊት ሲደርስ ልጁ የፊት መከለያውን ገልጦ “አባባ” አለው። ኤልዜር በእግሮቹ ዙሪያ የወደቀውን ላስቲክ አንድ በአንድ ጠረገ፤ ቀና ብሎ ግን አላየውም። ከዚያን ቀን በኋላ አልተነጋገሩም። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው።

የሙታኑን ዝርዝር የሚሰበስበው ኮንራድ የተባለው ትኬት ሻጭ ነው። ሐሙስ ጠዋት በመስኮቱ ብቅ አለና ወረቀቱን አውለበለበ።

“አንተ ኤልዜር! ዘንድሮ እኮ ስድስት ሰው ብቻ ነው የሞተብን። ዶክተሩ ራሱ ስለ ሞተ መሰለኝ፤ የሚገድለን አጣን።”

ኤልዜር ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። “ይህ ባዶ መስመር ምንድነው?”

“ሰባተኛው ነው። ለምን እንደ ተውኩት ታውቃለህ።”

“መስመሩን ሰርዘው።”

“አይ አንተ! ብሩሹ በእጅህ፣ ቁልፉ በኪስህ! ደግሞ የሚመጣው ዓመት በረዶ የለም። ቡድኑን ለትልቁ ከተማ ሸጠውታል፤ አዳራሹን የድንች መጋዘን ሊያደርጉት ነው ይባላል። ከድንች ሥር ልትጽፈው ነው?”

“ሕግ ነው።”

“የማን ሕግ?”

“የፊሊያስ።”

“ፊሊያስ እኮ አጥንቱ አፈር ሆኗል፣ አንተ ሰውዬ!”

“የአርማንን ሚስት መልሻለሁ” አለ ኤልዜር ቀስ ብሎ። “እያለቀሰች መልሻታለሁ። ዛሬ ለልጄ ብጽፍ በምን ዓይኔ አያታለሁ?”

ኮንራድ ወደ ትኬቱ ተመለሰ።

ነጩ ቀለም ዓርብ ከፈሰሰ በኋላ ስሞቹ ከቅዳሜ ቀትር በፊት መጻፍ ነበረባቸው፤ ከቀትር በላይ ከቆየ ቀለሙ ውኃውን አይዝም፣ ይላጣል። ኤልዜር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኮቱን ደርቦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደሚገኘው የማዳም ኦሮር ቤት ወጣ። የአርማን ሚስት ይህች ናት። አርማን በግራ ክንፍ ዘጠኝ ዓመት ለግንድ ነጂዎች፣ የመጨረሻዋን አንዲት ዓመት ግን ለሰማያዊዎቹ ተጫውቶ፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት በሳምባ በሽታ የሞተ ሰው ነበር። ማዳም ኦሮር ቀይ ሥር ቀቅላ በኮምጣጤ ልትዘፈዝፍ ስትልጥ እጇ እስከ ክርኗ ቀልቶ አገኛት።

“ግባ። ጫማህን ግን አራግፍ” አለችው። “አሥራ ሰባት ዓመት ያልረገጥኸውን ወለል ዛሬ ጭቃ አታልብሰው።”

“ማዳም ኦሮር፣ ብዙ አልቆይም።”

“ሬያልን ሰምቻለሁ። ሻማ አብርቼለታለሁ።”

“እግዜር ይስጥልኝ።”

“ለአንተ ብዬ አይደለም።”

ኤልዜር ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆመ። “ሚስቱ ስሙ እንዲጻፍ ለምናኛለች። እርስዎ ካልፈቀዱልኝ አልጽፍም። ይህን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።”

“እኔ ነኝ ፈቃጅ? በረዶው የከተማው ነው ያልኸኝ አንተ አይደለህም? መቼ ነው ለእኔ የተሰጠው?”

“ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። የፊሊያስ ነው።”

ማዳም ኦሮር ቢላዋውን አስቀመጠች። “የፊሊያስ? ወንድሜ ቪታል ሁለት ዓመት ለሰማያዊዎቹ ተጫውቶ ነው የሞተው፤ ከጦርነቱ በፊት። ፊሊያስ ስሙን ጽፎታል። በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ።”

“አይሆንም። ብሩሹን የሰጠኝ ዕለት ‘ሰማያዊ የለበሰ ከበረዶዬ ሥር አይገባም’ ብሎኛል። ጠረጴዛ መትቶ ነው ያለኝ።”

“በዚያ ዓመት ማን ነበር የሞተው?”

ኤልዜር አሰበ። ያን ዓመት የጻፋቸውን ስሞች ሁሉ ያስታውሳል፤ ያልጻፈውንም እንዲሁ። “ኦስካር ፔልቲዬ።”

“የፊሊያስን እጮኛ ይዞ ወንዝ የተሻገረው ኦስካር! በል እንግዲህ። ሽማግሌው በአንድ ሰው ተናድዶ ያለውን ይዘህ አንተ የከተማ ሕግ አደረግኸው።”

ድስቱ ይንተከተካል። ኤልዜር ወንበር ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

“ያኔ ለምን አልነገሩኝም?” አለ በመጨረሻ።

“ስትመልሰኝ ከንፈርህ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እንዲህ የረጋ ሰው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው አልሁ። ምናልባት ፊሊያስ የኋላ ኋላ ልማዱን ለውጦት ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ። ለአማቴ ግን ነገሩን መንገር አልቻልሁም። እሑድ ዕለት የልጇን ስም ልታይ መጣች። አጥሩን ይዛ ሦስት ጊዜ ዞረች። ‘ዓይኔ ደክሞ ነው፣ ኦሮር፤ አንቺ ፈልጊልኝ’ አለችኝ። እኔም አየሁት ብዬ ዋሸኋት። በገና ሞተች።”

“እጽፈዋለሁ። ነገ እጽፈዋለሁ።”

“ለማን? የምታነበው ሞታለች። የእኔም ያ ቁስል ሽሯል፤ አትቀስቅሰው።” ቢላዋውን አንሥታ ወደ ልጣጯ ተመለሰች። “የልጅህን ጻፍ፤ አልያም ተወው። እኔን ግን ከመሃል አውጣኝ። ያን ልጅ ሲለዋውጡት ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ነበር?”

“ማንም አልጠየቀውም።”

“አንተስ?”

ኤልዜር ተነሣ። በሩን ሲከፍት ማዳም ኦሮር ቀና ብላ አላየችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን በነጩ ላይ ተንበረከከ። መጀመሪያ በወረቀቱ ላይ ያሉትን ስድስቱን ጻፈ። ቀጥሎ ከወረቀት ሳያይ የመለሳቸውን የአራቱን ስም ጻፈ፤ አርማንን በግራ ክንፍ በኩል አደረገው። ለአሥራ አንደኛው ስም ብሩሹን ነክሮ አቆመ። የሌሎቹን ስም ሲጽፍ በቅንነት እንደ በደላቸው አውቋል፤ ሕጉ አስቶታል። ሬያል ግን ገና በሕይወት ሳለ ነው የተከለከለው። ከበረዶው ሥር ስም አይጻፍም አለ እንጂ ከበረዶው ላይ የቆመውን ሰው ቀና ብለህ አትይ የሚል ሕግ ፊሊያስ አላወጣም፤ በቁጣውም እንኳ አላለውም። ልጁን አለማየትን ማንም አላስተማረውም።

አምስት ጊዜ ነክሮ አምስት ጊዜ አራገፈ። ቀትር ሲቃረብ ጻፈው። ከዚያ ቧንቧውን አንሥቶ ውኃ መርጨት ጀመረ፤ እስኪመሽም አላቆመም።

እሑድ ሰው ከወትሮው አነስ ብሎ መጣ። ቡድኑ ሊሄድ መሆኑ ልብ ሰብሯል። ሎሬት ጥቁር ለብሳ መጣች። ስሙን ስታገኘው አጥሩ ላይ ግንባሯን ደገፈችና ለረጅም ጊዜ ቆየች፤ በኋላ የአማቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ “ተፈቀደ ማለት ነው?” አለችው። ኤልዜር በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አውቶቡሷ ደርሶ ስለ ነበር ሄደች። ማዳም ኦሮር አልመጣችም።

ኤልዜር ከበሩ አጠገብ ቆሞ የሚነሣውን ጩኸት ይጠብቅ ጀመር። የሚሰድበው ሰው ይመጣል፤ ላስቲክ የሚወረውር ይኖራል፤ ቢያንስ አንድ ሽማግሌ “ይህ ምን ይሠራል እዚህ?” ብሎ ይጮሃል። የሚመልሰውን አዘጋጅቶ ነበር። ሰዎቹ ግን የየራሳቸውን ስም አይተው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ኮንራድ መስኮቱን እየዘጋ፣ “አርማን? የትኛው አርማን?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ ሰማ ነገረው።

በስተመጨረሻ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ቀረ፤ በቅርቡ በፋብሪካው የተቀጠረ፣ የሟቹ ዶክተር ዘመድ ነው። ክቡን እያየ “አቶ ኤልዜር፣ ይህ ግራንሜዞን የእርስዎ ወገን ነው?” አለው።

“ልጄ ነው።”

“ነፍስ ይማር። ተጫዋች ነበር?”

“በረኛ።”

“ለግንድ ነጂዎች?”

“በመጨረሻ የሰማያዊዎቹ ነበር።”

“እንዲያ ነው?” አለ ሰውየው በትሕትና። ኮሌታውን አቆመና የአውቶቡሱ ማቆሚያ በየትኛው በር በኩል እንደሆነ ጠየቀው።

“በግራው” አለ ኤልዜር።